ከወባ የተነጠቀ ርስት

በ1893 ፓውል ኩፕልቪዘር የሚባሉ የቪየና ሰው 75 ሺህ የወርቅ ፍሎሪን ከፍለው ማንም ሊኖርበት የማይፈልገውን መሬት ገዙ። መሬቱ በአድሪያቲክ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል፣ ከኢስትሪያ ባሕረ ገብ መሬት ፊት ለፊት የተበተኑ፣ ትንንሾቹ ሳይቀሩ ሲቆጠሩ አሥራ አራት የሚሆኑ ደሴቶች ነበሩ። ጣልያኖች ብሪዮኒ ይሏቸዋል፤ ክሮኤሺያውያን ብሪዩኒ። ዛሬ የክሮኤሺያ ግዛት ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ባንዲራው የኦስትሪያና ሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሻጩ በልቡ «ተገላገልኩ» ሳይል አልቀረም። ከደሴቶቹ ትልቋ ቬሊኪ ብሪዩን 5.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አላት፤ ከየብስ የሚለያት የፋዣና ወሽመጥም በጀልባ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው። አቀማመጧ ውብ፣ አየሯ ለስላሳ፣ ለትልቁ የፑላ ወደብም ቅርብ ናት። ታዲያ እንዲህ ያለ ቦታ ለምን ጠፍ ሆኖ ቀረ? መልሱ አንድ ቃል ነው፦ ወባ።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በክርስቶስ ልደት ዘመን አካባቢ የሮማ ባለጸጎች በቬሪጌ ሰላጤ ዙሪያ ትልቅ ቪላ አሠርተው ዘይትና ወይን ያስጠምቁ ነበር፤ ፍርስራሹ አሁንም ከባሕሩ ዳር ይታያል። ባይዛንታይኖች በበኩላቸው በቅጥር የታጠረ ሰፈር ትተው አልፈዋል። ቬኒሳውያን ደሴቷን በአብዛኛው የሚያውቋት በድንጋይዋ ነው፤ ነጩን የኖራ ድንጋይ እየፈለጡ ለቤተ መንግሥቶቻቸውና ለድልድዮቻቸው አጋዙት። ቸነፈር መጣ፤ ወባ ተከተለ፤ ሰው ሳሳ። በ19ኛው መቶ ዘመን ኦስትሪያውያን የፑላን ወደብ ለመጠበቅ ምሽግ ሲሠሩባት፣ የቀረው መሬት ቁጥቋጦና እሾህ የወረሰው፣ ድንጋይ የተፈለጠበት ጉድጓድ ሁሉ ውኃ ያቆረበት ነበር።

ኩፕልቪዘር ይህን ሳያውቁ የገቡ የዋህ አልነበሩም። አባታቸው ሊዮፖልድ ኩፕልቪዘር ሠዓሊ፣ የሙዚቃ ደራሲው የፍራንዝ ሹበርት የልብ ወዳጅ ነበሩ። ልጅየው ግን ከቡርሽ ይልቅ ብረት መረጡ። ከ1876 ጀምሮ በዛሬዋ ቼክ ሪፑብሊክ የሚገኘውን፣ የሮትሽልድ ቤተሰብ ድርሻ የነበረበትን የቪትኮቪትስ ብረት ማቅለጫ በዋና ዳይሬክተርነት መሩ። ያረጀ ፋብሪካ ተረክበው በግዛቱ ከታወቁት አንዱ አደረጉት። በሃምሳ ዓመታቸው ሥራውን ለቀቁና ያጠራቀሙትን ይዘው ወደ ደሴቱ መጡ። የፋብሪካ ሰው ናቸውና ደሴቷን ያዩዋት እንደ መናፈሻ ሳይሆን እንደ ከሰረ ድርጅት ይመስላል፤ ጉድለቱ ተለይቶ ከታወቀ የሚስተካከል።

የመጀመሪያው ጉድለት ጫካው ነበር። ለዚህ ሥራ አሎይዝ ቹፋር የሚባሉ የደን ባለሙያ አመጡ። ቹፋር ደኑን እንዳለ አልመነጠሩትም። እሾሁንና ቁጥቋጦውን አስጠርገው ትልልቆቹን የወይራና የባሉጥ ዛፎች አስቀሩ፤ በመካከላቸው ሰፋፊ የሣር መስክ ከፈቱ፤ መንገድ ቀየሱ። የተተዉትን የድንጋይ ጉድጓዶች ደግሞ ነፋስ የማይገባባቸው የአትክልት ቦታዎች አደረጓቸው። ዛሬ ደሴቷን የሚጎበኝ ሰው «ተፈጥሮ እንዴት አድርጋ አሳመረችው!» ይላል። ያየው ግን ተፈጥሮን ብቻ አይደለም። ዛፉ የት ይቁም፣ ጎብኚው ከየትኛው መታጠፊያ ላይ ባሕሩን ይይ የሚለው ሁሉ በቹፋር የተወሰነ፣ ሠራተኞች በመጥረቢያና በዶማ የፈጸሙት ነው።

ሠራተኞቹ ግን ይታመሙ ነበር። ወባን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ብርድ ብርድ ይላል፤ አጥንት ድረስ ያንቀጠቅጣል፤ ከዚያ ንዳዱ ይመጣል፤ ከዚያ ላቡ። ሰውየው ዳንኩ ብሎ ሲነሣ ቀኑን ጠብቆ ይመለስበታል። በብሪዩኒ ክረምት አልፎ ሙቀቱ ሲገባ መሣሪያው ከእጁ የሚወድቀው ሰው ይበዛል። ፓርክ መቀየስ፣ ወይን መትከል፣ ሆቴል መሥራት ይቻላል፤ እንግዳ የሚታመምበት ሆቴል ግን የትም አይደርስም።

በዚያው ሰሞን የወባ ምስጢር እየተፈታ ነበር። የእንግሊዝ ሐኪም ሮናልድ ሮስ በ1897 በሕንድ አገር የወባን ጥገኛ ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኙ። የሳንባ ነቀርሳን መንሥኤ ያገኙት ጀርመናዊው ሮበርት ኮህ ደግሞ በጣልያንና በኒው ጊኒ ሕሙማንን ሲመረምሩ ቆይተው፣ ወባን ከአንድ አካባቢ ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል የሚል እምነት ይዘው ነበር። የጎደላቸው እምነታቸውን የሚፈትኑበት ቦታ ነው። ኩፕልቪዘር «ደሴት አለኝ» አሉ። ለሳይንቲስት ደግሞ ደሴት ማለት ግድግዳው ባሕር የሆነ ቤተ ሙከራ ነው፤ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ይታወቃል።

ኮህ በ1900 ከረዳቶቻቸው ጋር መጡ። ዘዴያቸው ቀላል፣ ነገር ግን ትዕግሥት የሚፈልግ ነበር። ተሕዋሱ የሚኖረው በሁለት ቤት ነው፤ በትንኝና በሰው። ብርድ ሲሆን ትንኝ የለችም፤ ያን ጊዜ ተሕዋሱ የሚደበቀው በሰው ደም ውስጥ ብቻ ነው። ደህና ነኝ የሚል፣ ትኩሳት የሌለበት ሰው ሳይቀር ይዞት ሊዞር ይችላል። ስለዚህ የታመመውን ብቻ ማከም አይበቃም። የደሴቷ ነዋሪ በሙሉ ጣቱ እየተወጋ ደሙ በመስታወት ላይ ተቀባ፤ በማይክሮስኮፕ ታየ። ተሕዋሱ የተገኘበት ሁሉ ኪኒን እንዲወስድ ተደረገ፤ ከዚያ ደግሞ ተመረመረ፣ ደግሞ ወሰደ። ሙቀቱ ተመልሶ ትንኟ ስትፈለፈል ከሰው የምትቀዳው ተሕዋስ እንዳታገኝ ማለት ነው። ጎን ለጎን ውኃ ያቆሩት ጉድጓዶችና ረግረጎች ተደፈኑ፣ ተንጣፈፉ።

እዚህ ላይ ጣልቃ ገብቶ አንድ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። በአማርኛ ማንኛውንም የሚዋጥ መድኃኒት «ኪኒን» የምንለው ከዚሁ የወባ መድኃኒት ስም በጣልያንኛ በኩል ወርሰነው ነው። ለራስ ምታት ኪኒን የዋጠ ሁሉ ሳያውቀው የወባን ታሪክ ይጠራል።

ነገሩ ሠራ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብሪዩኒ ከወባ ነጻ ሆነች። ኩፕልቪዘርም ለኮህ ከአንድ አሮጌ ድንጋይ መፍለጫ ግድግዳ ላይ መታሰቢያ አስቀረጹላቸው፤ ሥራው የቪየናው ሠዓሊ የዮሴፍ ኤንግልሃርት ነው። ስለ ሆቴሎች ታሪክ ሲጻፍ የሚጠቀሱት አርክቴክቶችና ወጥ ቤቶች ናቸው፤ የብሪዩኒ ሆቴሎች ግን የቆሙት በማይክሮስኮፕ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በፍጥነት መጣ። የመጠጥ ውኃ ከየብስ በባሕር ሥር በተዘረጋ ቧንቧ ገባ። በወደቡ ዳር ኔፕቱን የተባሉት ሆቴሎችና ካርሜን ተሠሩ። የወይን እርሻው የራሱን ወይን ጠጅ አወጣ። በጀርመንኛ የሚታተም የደሴቷ ጋዜጣ በ1910 ጀመረ። የሐምቡርጉ የእንስሳት ነጋዴ ካርል ሃገንቤክ ሰጎንና ሌላም እንስሳ አምጥቶ የሚያላምድበት ስፍራ ከፈተ። በ1913 ክረምት ከበጋ የሚዋኙበት፣ የሞቀ የባሕር ውኃ ያለበት ገንዳ በቤት ውስጥ ተሠራ። ከቪየና በባቡር የተነሣ መንገደኛ ፑላ ወርዶ ጀልባ ከተሳፈረ፣ ለእራት ብሪዩኒ ይደርሳል።

እንግዶቹ እነማን ነበሩ? አልጋ ወራሹ ፍራንዝ ፈርዲናንድ አንዱ ናቸው። በፑላ ለባሕር ኃይል መኮንኖች እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው፣ ገና ስሙ ያልታወቀው ጄምስ ጆይስ ደግሞ የካቲት 2 ቀን 1905 23ኛ ዓመት ልደቱን በጀልባ ተሻግሮ እዚያ አክብሯል። ሁሉም ግን ተደስቶ አልተመለሰም። ጀርመናዊው ደራሲ ቶማስ ማን በግንቦት 1911 ከሚስቱ ከካቲያና ከወንድሙ ጋር መጣ። ካቲያ በስተርጅናዋ ስታወሳ፣ ያስመረራቸው የምግብ አዳራሹ ሥርዓት ነበር። አንዲት የንጉሣውያን ቤተሰብ ልዕልት እዚያው አርፈዋል፤ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሾርባው ከቀረበ በኋላ እሳቸው ዘግየት ብለው ይገባሉ፤ አዳራሹ ሁሉ ይነሣል። ምግቡ ሳያልቅ ቀደም ብለው ይወጣሉ፤ አዳራሹ እንደገና ይነሣል። አሸዋማ የባሕር ዳር አለመኖሩም ተጨመረበትና ማኖች ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ቬኒስ ተሻገሩ። «ሞት በቬኒስ» የተሰኘው ልብ ወለድ የተጸነሰው በዚያ ጉዞ ነው። ልዕልቲቱ በሰዓታቸው ቢገቡ ኖሮ የጀርመን ሥነ ጽሑፍ አንድ ድንቅ ሥራ ይጎድለው ነበር ማለት ነው?

በ1914 የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የሽርሽር ጀልባዎቹ ቦታ በሰርጓጅ መርከቦች ተያዘ። ፑላ የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ዋና ወደብ ስለነበረች ብሪዩኒም የጦር ሰፈር ሆነች። ኩፕልቪዘር በ1918 «ከአንድ አሮጌ ኦስትሪያዊ ትዝታዎች» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ርዕሱ ራሱ ስንብት ነው፤ በዚያው ዓመት ኦስትሪያና ሃንጋሪ ፈራረሰች፤ እሳቸውም በ1919 ዐረፉ።

ርስቱ ለልጃቸው ለካርል ቀረ። ችግሩ የቀረለት ርስቱ እንጂ ደንበኛው አለመሆኑ ነው። ኢስትሪያ ለጣልያን ተሰጠች፤ የቪየና ሰው ወደ ብሪዩኒ ለመሄድ ድንበር መሻገር ግድ ሆነበት፤ ገንዘቡም በዋጋ ግሽበት ረግፎ ነበር። ካርል አዲስ እንግዳ መፈለግ ነበረበት፤ የእንግሊዝን፣ የአሜሪካንና የጣልያንን ባለጸጋ። እነዚያ ደግሞ የሚመጡት ለእንቅልፍ አይደለም። በ1922 ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ ተከፈተ። የፖሎ ሜዳ ተዘረጋ፤ ፈረሶቹና የፈረስ ጋጣዎቹ ተከተሉ። ካሲኖ ተጨመረ። ለተወሰኑ ዓመታት ብሪዩኒ በአውሮፓ የስፖርት ጋዜጦች ስሟ የማይጠፋ ቦታ ሆነች፤ በ1945 ሮም ላይ የተከፈተው ታዋቂ የወንዶች ልብስ ስፌት ቤት «ብሪዮኒ» የሚለውን ስም የወሰደው ከዚህ ዝና ነው። ዛሬ ሱፉን የሚያውቁ ሰዎች ደሴቷን ከሚያውቁት ይበዛሉ።

ዝና ግን ዕዳ አይከፍልም። አባትየው ያወጡት ገንዘብ ረግረግ ያደረቀ፣ ቧንቧ የዘረጋ ነበር፤ ልጅየው ያወጣው በየዓመቱ ደግሞ የሚጠይቅ ነው። ፖሎ ፈረስ ይበላል። በ1929 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ ባለጸጎቹ እንግዶች ቀሩ፤ ባንኮች ግን አልቀሩም። ካርል በ1930 በገዛ ደሴቱ ላይ ራሱን አጠፋ። ቤተሰቡ ጥቂት ዓመታት ቢፍጨረጨርም ድርጅቱ ከሰረ፤ በ1936 የጣልያን መንግሥት ወረሰው።

1936ን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ያለ አስታዋሽ ያውቃታል። የሙሶሊኒ መንግሥት የኩፕልቪዘሮችን ርስት በፍርድ ቤት መዝገብ በወሰደበት ዓመት፣ ጦሩ አዲስ አበባን በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን ጉልበት ይዟል። ሁለቱ ነገሮች አይመዛዘኑም፤ አንዱ የከሰረ ሆቴል ነው፣ ሌላው አገር። ሆኖም ክሮቹ ከሃያ ዓመት በኋላ ባልታሰበ ቦታ ይገናኛሉ።

ጣልያን በ1943 እጅ ስትሰጥ ጀርመኖች ደሴቷን ያዙ። ጦርነቱ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት፣ በሚያዝያ 1945፣ የአየር ድብደባ ወደቡንና ሆቴሎቹን አወደመ። ደሴቷ ለዩጎዝላቪያ ደረሰች፤ በ1947 ማርሻል ዮሲፕ ብሮዝ ቲቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አይተዋት ወደዷት። ሆቴሎቹ ታደሱ፤ በ1953 ነጩ ቪላ የተባለው መኖሪያ ተሠራ። ለሠላሳ ዓመት ገደማ ቲቶ ከዓመቱ ረጅም ጊዜ እዚያ ያሳልፉ ነበር። ሕዝቡ ግን ከፋዣና ወደብ ላይ ቆሞ ከማየት በቀር መሻገር አይችልም። አጠገቧ ያለችው ትንሿ የቫንጋ ደሴት የግላቸው ነበረች፤ ብረትና እንጨት የሚሠሩበት ወርክሾፕ፣ መንደሪን የሚተክሉበት እርሻ ነበራቸው። መንደሪኑ ሲደርስ ለሕፃናት ማሳደጊያዎች ይላክ ነበር። ወጣትነታቸውን በቁልፍ ሠሪነት ያሳለፉት ማርሻል፣ ጀኔራሎቻቸው ሳይሆኑ መሮውና ሞረዱ የሚያሳርፋቸው ሰው ነበሩ ይባላል።

ሐምሌ 19 ቀን 1956 ቲቶ፣ የሕንዱ ኔህሩና የግብፁ ናስር በብሪዩኒ ተገናኝተው ከሁለቱ ኃያላን ጎራዎች ወደ አንዱም አንገባም የሚለውን መግለጫ አወጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ ቤልግሬድ ላይ 25 አገሮች የገለልተኛ አገሮችን ንቅናቄ ሲመሠርቱ ኢትዮጵያ ከመካከላቸው ነበረች፤ ጃንሆይም በአካል ተገኝተዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቲቶ የቅርብ ወዳጆች አንዱ ነበሩ። ቲቶ በታኅሣሥ 1955 አዲስ አበባን ጎብኝተዋል፤ ጃንሆይም ዩጎዝላቪያ ተመላልሰው በብሪዩኒ ተስተናግደዋል። በስድስት ኪሎ የቆመውን፣ በግራዚያኒ ትእዛዝ የተጨፈጨፉትን የየካቲት 12 ሰማዕታት የሚዘክረውን ሐውልት የቀረጹት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የዚያው የቲቶ አገር ቀራጮች፣ ሁለቱም ክሮኤሺያውያን ናቸው። ሙሶሊኒ አገራቸውን የያዘባቸው ንጉሠ ነገሥት፣ የሙሶሊኒ መንግሥት በዕዳ በወረሳት ደሴት ላይ በክብር ተስተናገዱ።

እንግዶች ሲመጡ እንስሳ ይዘው ይመጡ ነበር። የሜዳ አህያው፣ የሕንድ ላሙ፣ የየአገሩ አጋዘን ሁሉ የወዳጅነት ስጦታ ነው። ኢንድራ ጋንዲ ሶኒና ላንካ የተባሉ ሁለት ዝሆኖች ሰጡ፤ ሶኒ እዚያው አርጅቶ በ2010 ሞተ። በሕይወት ያልሰነበቱት ገለባ ተሞልተው በሙዚየም ቆመዋል፤ ፈዝዘው የሚያዩት የዲፕሎማሲ መዝገብ ናቸው። የፊልም ሰዎችም አይቀሩም ነበር፦ ሶፊያ ሎረን፣ ኤልዛቤት ቴይለር፣ እንዲሁም በ1973ቱ «ሱትየስካ» ፊልም ራሳቸውን ቲቶን ሆኖ የተጫወተው ሪቻርድ በርተን።

ቲቶ በግንቦት 1980 ሞቱ። በ1983 ደሴቶቹ ብሔራዊ ፓርክ ተባሉና እንደገና ለሕዝብ ተከፈቱ። ዩጎዝላቪያ ስትበታተን ስሎቬኒያ ላይ የተነሣውን የአሥር ቀን ጦርነት ያቆመው ስምምነትም ሐምሌ 1991 እዚያው ተፈረመ፤ ያን አገር ያሰባሰቡት ሰው ከኖሩበት ቤት አጠገብ።

የአሁኑ ጎብኚ ከፋዣና ጀልባ ተሳፍሮ ይሻገራል። መኪና ይዞ መግባት የለም፤ ወይ ብስክሌት ይከራያል፣ ወይ ትንሿን የኤሌክትሪክ ባቡር ይሳፈራል። ከ200 በላይ የዳይኖሰር ዱካ፣ 1,600 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የወይራ ዛፍና የቲቶን የ1953 ካዲላክ ያሳዩታል። «ቲቶ በብሪዩኒ» በሚለው የፎቶግራፍ ትርኢት ፊት ሰው ይሰለፋል። ወደ አሮጌው ድንጋይ መፍለጫ ወርዶ የኮህን መታሰቢያ የሚያየው ጥቂቱ ነው።

የካርል ጎልፍ ሜዳም አለ። የመጫወቻው ጉድጓድ ዙሪያ እንደ ዘመናዊዎቹ በውኃና በማዳበሪያ የሚንከባከቡት ሣር ሳይሆን አሸዋ ነው፤ የቀረውን ሣር በአብዛኛው የሚያጭዱት በቤተሰቡ ዘመን የገቡት አጋዘኖች ናቸው። ወደ ማታ ላይ ከደኑ ጥግ፣ ቹፋር ለእይታ ብለው ከከፈቱት መስክ በኩል፣ መንጋ መንጋ ሆነው ይወጣሉ፤ ተጫዋች ካለ ዱላውን ተደግፎ እስኪያልፉ ይጠብቃል።